ኳሷ ጭራ እንዳታወጣ

«ወንበሩን አንሱልኝ፣ እንዳይሰበር!» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ በሩን በጀርባዋ ገፍታ እየገባች።

ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳለች። ባሏ ከሞተ ሦስት ቀኑ ነው። የካርቶኑን አንድ ጫፍ እሷ፣ ሌላውን ተሸካሚው ይዘውታል። ተሸካሚው የለቀስተኛውን ብዛት ሲያይ ደንግጦ ኮፍያውን አወለቀ። ካርቶኑ ላይ የተሳለውን ለማወቅ መነጽር አያስፈልግም፤ ቴሌቪዥን ነው። ቡና ሊጠጡ ስኒ ያነሱ ሰዎች ስኒውን እንደያዙ ቀሩ።

«የሞተ ተጎዳ!» አለች አንዷ ጎረቤት፣ በቀስታ የተናገረች መስሏት።

የሟች ታላቅ እህት ግን በቀስታ መናገሩንም አልፈለገችው። «አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ? እኔ ወንድሜ የተወው ገንዘብ ለመቃብሩ ድንጋይ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ፣ አንቺ ፊልም ልታዪበት ነው? ይሄንንስ ከማይ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«ድንጋዩ ይደርሳል፣ እትዬ። ኳሱ ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጀምራል።»

«ኳስ?» አለ ቤቱ በአንድ አፍ።

ካርቶኑ መግባቱን ያላዩት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ የሟች እናት። እማማ ጆሯቸው ከደነቆረ አሥር ዓመት አልፎታል። ጥግ ካለው አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ልጃቸው ከሞተ ጀምሮ ከውኃ በቀር ምንም ሳይቀምሱ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ሰው ሁሉ ገብቶ ያለቅስና እርስ በርሱ ያወራል፤ እሳቸውን ግን መስማት ስለማይችሉ ማንም አያወራቸውም።

ሟቹን ሰፈሩ «ዶክተር» ይለው ነበር። የቴሌቪዥን ሆድ ቀዶ የሚያክም ስለሆነ ነው እንጂ የሰውስ ትኩሳት እንኳ አያውቅም። የፊተኛው ክፍል ሱቁ ነበር። የሰው ቴሌቪዥን ሲያድን፣ የራሱ ቤት ውስጥ ያለው ግን በጥፊ የሚሠራ አሮጌ ነበር። በዚያ አሮጌ ነበር እናቱ ኳስ የሚያዩት። ኳስ ጆሮ አይፈልግም። የሚደግፏቸው ቢጫ ለባሾች ሲሸነፉ እማማ እራት አይበሉም፤ ሲያሸንፉ ደግሞ ማንንም አያስተኙም። ዶክተር ሆስፒታል በገባ ሳምንት አሮጌው ጭስ አውጥቶ ሞተ። ሐኪሙ ተኝቷል፤ ማን ያድነው?

ረቡዕ ዕለት ከሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ ለሚስቱ ትምህርት ሰጣት።

«ትልቁን አትመልከቺ፤ አቅማችን መካከለኛውን ነው። ሱቅ ውስጥ ዓሣና አበባ ያሳዩሻል። ዓሣ በሁሉም ያምራል። ኳስ ክፈቱልኝ በያቸው። ኳሷ ስትሮጥ ምስሏ ከኋላዋ ተጎትቶ ጭራ ካወጣች ጥለሽ ውጪ። ደግሞ ፊት ለፊት ቆመሽ እንዳትገዢ፤ የእማማ አልጋ ጥግ ነው፣ አንቺም ከጥግ እዪው።»

«እሺ፣ አሁን እረፍ።»

«የእሁዱ ዋንጫ እንዳያመልጣቸው። ቃል ገብቼላቸዋለሁ።»

ሐሙስ ማለዳ ሞተ።

እሷም ዛሬ ጠዋት ከለቅሶ ቤት ወጥታ ሱቅ ለሱቅ ዞረች። የመጀመሪያው ሻጭ ጥቁር ልብሷን አይቶ አዘነና ወንበር ሰጣት። ወንበሩን ወደ ጥግ ጎትታ «ኳስ ክፈትልኝ» ስትለው ሐዘኔታው ቀነሰ። ኳሷ ጭራ አወጣች፤ ጥላ ወጣች። ሁለተኛው ጋ ከጥግ ሲያዩት ቢጫው ማልያ ነጭ ሆነ፤ ወጣች። ሦስተኛው ጋ ያለው ስሙን ሰምታ የማታውቀው፣ ርካሽ ነገር ነበር። ኳሷ ግን ክብ እንደሆነች ሄዳ ክብ እንደሆነች መረብ ውስጥ ገባች።

አሁን በስፌት መኪናዋ መፍቻ የቴሌቪዥኑን እግሮች አጠበቀች፣ በልብስ መለኪያ ሜትሯ የጠረጴዛውን ስፋት ለካች፣ አንቴናውን ሰካች። ማንም አላገዛትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ስታበራው መስታወቱ ላይ ጥያቄ መጣ፤ «ቴሌቪዥኑ የሚገኘው የት ነው? ቤት፣ ሱቅ።»

ቀና ብላ የፊተኛውን ክፍል በር አየች። ይህ ቤት አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሱቅ ነው። እንዴት ሱቅ አይደለም ትላለች? «ሱቅ» የሚለውን ተጫነች።

ትንሽ ቆይቶ ሙዚቃ ፈነዳ። ቀይ ዓሣዎች እስክስታ የሚመቱ ይመስል እየተገለባበጡ መጡ፤ ከበላያቸው «ዛሬውኑ ይግዙኝ!» የሚል ጽሑፍ ቦግ እልም አለ። አንድ ሽማግሌ ቡናቸውን ጉልበታቸው ላይ ደፉ።

«አጥፊው!» ጮኸች የሟች እህት። «በወንድሜ ሬሳ ልትጨፍሪ ነው?»

ዘጋችው። መልሳ ስታበራው ዓሣዎቹም ተመለሱ። ለካ ዕቃው ገና ለሽያጭ የቆመ መስሎታል። ወደ ጥያቄው መለሰችው። «ቤት» ማለት ብቻ ነው የቀራት፤ ጣቷ ግን እምቢ አለ። ቤት ካለች ሱቅ የለም። ሱቅ ከሌለ ዶክተርም የለም። ሲቀበርም እንዲህ አልታወቃትም ነበር። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ሱቁማ ተዘግቷል» አለች ለራሷ፤ «ቤት» የሚለውን ተጫነች።

አረንጓዴው ሜዳ መጣ። ድምፁን ሙሉ በሙሉ ቀነሰችና ወደ ለቀስተኛው ዞረች። «ድምፁን አጥፍቼዋለሁ። ከዚህ በላይ የማጠፋው የለም።»

«ሰው ምን ይላል?» አለች የሟች እህት።

«ይበል! ሰው ሲመሽ ወደየቤቱ ይሄዳል። እማማ ግን እዚሁ ግድግዳ ላይ አፍጥጠው ይቀራሉ። እትዬ፣ ሦስት ቀን ሙሉ እናትሽን ቀና ብለሽ አይተሻቸዋል?»

የሟች እህት ወደ አልጋው ዞረች። ከአልጋው አጠገብ የነበረውን ወንበር አነሳችና መንገዱን ለቀቀች።

ልብስ ሰፊዋ የእማማን ትከሻ ይዛ ቀስ ብላ አዞረቻቸው። አሮጊቷ ዓይናቸውን አጥብበው ሜዳውን አዩ።

«የኛዎቹ ናቸው?» አሉ፣ ደንቆሮ እንደሚናገረው ቤቱን በሚያናጋ ድምፅ።

ራሷን ነቀነቀችላቸው።

«ስንት ለስንት?»

በጣቶቿ ዜሮ ለዜሮ ሠርታ አሳየቻቸው። የቀረበላቸውን ሾርባ አንድ ማንኪያ ሲቀምሱ አሻፈረኝ አላሉም። ለቀስተኛውም «ነውር ነው» እያለ፣ አንድ በአንድ፣ ወንበሩን ማዞር ጀመረ።

ከዕረፍት በኋላ አንዱ ቢጫ ለባሽ መታና ጎል አገባ። እማማ ቀኝ እጃቸውን ሰቅለው ወደ ጎናቸው አወረዱት። ጎል በገባ ቁጥር አጠገባቸው የሚቀመጠውን ልጃቸውን ጭኑ ላይ ይመቱት ነበር፤ ሁለቱም የሚስቁት ከዚያ በኋላ ነበር። እጃቸው ባዶ ፍራሽ ላይ አረፈ። ቁልቁል አዩት።

ልብስ ሰፊዋ ጫማዋን አውልቃ አልጋው ላይ ወጣች፤ በዚያ ባዶ ቦታ ተቀመጠች። የእማማን እጅ አንስታም የገዛ ጭኗን በኃይል መታችበት።