በሯጩ ስም የተጻፈ አስም

ሰፈሩ «ሯጩ» ይለዋል። ሥራ የሌለው ሰው ጠዋት ጠዋት ወይ ይተኛል ወይ ይሮጣል፤ እሱ ደግሞ መተኛቱ አልሆነለትም። ከታላቅ ወንድሙ ጋር የሚጋራት ክፍል ሁለት አልጋ ከያዘች በኋላ የተረፋት ቦታ በሩን እንኳ በቅጡ አያስከፍትም፤ ለመውጣት ሆድን ስቦ በጎን መሹለክ ነው። በዚያ ላይ ወንድምየው ሲተነፍስ ደረቱ ያፏጫል። ሯጩ ግድግዳው ሥር ተጋድሞ ያንን ፉጨት ሲያዳምጥ ዕድሜው ሁሉ እዚያች አልጋ ላይ የሚያልቅ ይመስለውና ላብ ያጠምቀዋል።

የውትድርና ምዝገባ ማስታወቂያ በተለጠፈ ቀን ከሁሉም ቀድሞ መመዝገቢያው በር ላይ የተገኘው ለዚህ ነው። የዕድሜው ጣሪያ ሃያ ሁለት ነው፤ እሱም ሃያ ሁለት ሞልቶታል። ዘንድሮ ካመለጠው አበቃለት። እውነቱን ለመናገር ስለ ጀግንነት ያን ያህል አላሰበም። ያሰበው ሰፊ ሜዳ፣ የራሱ ቁልፍ ያለው ሣጥን፣ በጠዋት «ተነስ!» ብሎ የሚጮህበት ሰው ነው። ሰው እንዲጮህበት መመኘቱን ለጓደኞቹ ቢነግራቸው ሆዳቸውን ይዘው ይስቁበት ነበር።

በሩጫው ፈተና አንደኛ ወጣ። ሁለተኛው ሲደርስ እሱ የጫማውን ክር ፈትቶ እንደገና አስሮ ነበር። ፈታኙ አሥር አለቃ ጀርባውን መታ መታ አድርጎ «ሳንባ ነው ወይስ ሞተር?» አለው። ከዚያ በኋላ የቀረው አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ተመዝጋቢ ቤተሰቡ ከሚታከምበት ክሊኒክ የጤና ታሪኩን አጽፎ እንዲያመጣ ታዘዘ።

እናቱ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። የፋብሪካው ክሊኒክ የሠራተኛ ልጆችን ሥራ እስኪይዙ ድረስ ያክማል። ሯጩ ግን ታሞ ስለማያውቅ ክሊኒኩን ከረገጠ ዓመታት አልፈዋል። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ካርዱን አገላብጣ ጻፈች፤ ማህተም መታች፤ ፖስታውን አሽጋ ሰጠችው። እሱም ምን ሊኖርበት ብሎ ሳይከፍተው እየሮጠ ወሰደና በገዛ እጁ ለጦሩ ሐኪም አስረከበ።

ሐኪሟ የሻምበል ማዕረግ አላት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ረስታ ጠረጴዛ ላይ የምትፈልግ ሴት ናት። አንብባ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችው።

«አስም እንዳለብህ ለምን አልተናገርክም?»

«እኔ? እኔ አስም የለብኝም፣ ዶክተር!»

«አራት ዓመት ሙሉ የአስም መድኃኒት ወስደሃል። የመጨረሻውን የወሰድከው የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው።»

ሯጩ ክው አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድምየው የሚሠራው ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ፣ ጆንያ መሙያው ማሽን ላይ ነው። በተቀጠረ በዓመቱ ብናኙ ደረቱን ያፍነው ጀመር። የዱቄት ፋብሪካው ደግሞ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም፤ ደረቱን የታመመ ሠራተኛ ከታወቀበት በማግስቱ ይሸኛል። እናትየው መላ ዘየደች። ትልቁ ልጅ ሥራ ስለያዘ ከእሷ ክሊኒክ ተሰርዟል፤ የትንሹ ካርድ ግን አለ። ፎቶ የለበትም፤ የልጆቹም መልክ ቁርጥ አንድ ነው። «ለዛሬ ብቻ» ብላ ትልቁን በትንሹ ስም አሳከመችው። ያቺ ዛሬ አራት ዓመት ሞላት። ሯጩ ይህን ሁሉ ያውቃል። ያላወቀው፣ መድኃኒት ማውጫ ብቻ የመሰለው ካርድ እሱን በሽተኛ ሲያደርገው መኖሩን ነው።

ሐኪሟ ከማሽን ጋር የተያያዘ ቱቦ ሰጠችው። «በኃይል ንፋ።» ነፋ። ቁጥሩን አየች፤ ደግማ አስነፋችው።

«ይህ ሳንባ አስም የያዘው አይመስልም፤ ወረቀቱ ግን ይዞታል ይላል» አለች። «በስምህ የሚታከም ሌላ ሰው ካለ ማንነቱን ትነግረኛለህ። ለክሊኒኩ እጽፋለሁ፤ ካርዱ ይታረማል፤ አንተም ትሄዳለህ። ከሌለ ግን አልፈርምልህም። እስከ ነገ ጠዋት አስብበት።»

ቤት ሲደርስ እናቱ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ሲነግራት የያዘችውን ሸሚዝ አጠፈች፣ ፈታች፣ እንደገና አጠፈች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «እኔው ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«የጋሼን ስም ሳትጠሪ ምን ትያቸዋለሽ፣ እማዬ?»

ስሙ አንዴ ከተጻፈ ዱቄት ፋብሪካው ጋ መድረሱ አይቀርም፤ በየዓመቱ የሠራተኞቹን የሕክምና ወረቀት ከየክሊኒኩ ይሰበስባል። የእናትየው ደመወዝ ደግሞ ብቻውን ኪራዩን እንኳ አይችልም፤ የሦስቱም ጉርስ ያለው ወንድምየው ትከሻ ላይ ነው።

ወንድምየው ከሥራ ሲገባ ቅንድቡ ዱቄት እንደነካው ነበር። የሆነውን ቆሞ ሰማና «ንገራቸው» አለ።

«ሥራው እየገደለህ ነው እኮ ጋሼ! ብትለቀው ይሻልሃል።»

«ሥራ ማጣትስ? አንተ አይተኸዋል፤ ይሻላል?»

ሯጩ በሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ።

«ንገራቸው ብያለሁ» አለ ወንድምየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አልቀየምህም። ነገ አብሬህ እሄዳለሁ።»

ይህን ሲል የሚያየው መሬት መሬቱን ነበር። ሯጩ በዚያች ሰዓት ወንድሙን ጠላው። ቢከለክለው ይጣላው ነበር፤ ተጣልቶም ይሄድ ነበር። እሱ ግን ፈቀደለትና መሄጃ አሳጣው።

በማግስቱ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ወንድምየው ደህናውን ሸሚዙን ለብሷል፤ ከሥራው ለመሰናበት ይሁን ወንድሙን ለመሸኘት አልተናገረም። ሯጩ ሲጠራ ብቻውን ገባ።

«እሺ፣ ማን ነው?» አለች ሐኪሟ። ብዕሯን ከፍታ ነበር።

ስሙ ጥርሱ ድረስ መጣ። ከልጅነቱ ጀምሮ በቀን መቶ ጊዜ የጠራው ስም ነው። አንዴ ቢጠራው ዛሬውኑ ወደ ማሠልጠኛው የሚሄደው መኪና ላይ ይወጣል።

«የኔ ነው» አለ።

«ምኑ?»

«አስሙ።»

«ማሽኑ እንደዚያ አላለም።»

«አንዳንድ ቀን ይተወኛል።»

ሐኪሟ የገባት ይመስላል፤ ግን የገባትን መጻፍ አትችልም። «ይህ ከተጻፈ አይሻርም። ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

«ብቁ አይደለም» ብላ ጻፈችና ማህተሙን መታች።

በሩ ሲከፈት ወንድምየው ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ምን አልካቸው?»

«ስምህን አልጠራሁም። ጣሉኝ።»

የወንድምየው ፊት በራ። ለአንድ አፍታ ብቻ ነው፤ ደስታው ከሐዘኑ ቀድሞ ወጣ። ወዲያው ፊቱን አጨፈገገና «ለምንድነው እንዲህ ያደረግከው? ነግሬህ አልነበር?» እያለ ትከሻውን ያዘው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ እንባው የእውነት ነው።

ግን ሯጩ ያቺን የመጀመሪያዋን አፍታ አይቷታል፤ ወንድሙም መታየቷን አውቋል። «ሥራ ይረፍድብሃል፣ ሂድ» አለው። ወንድምየው ጥቂት አመነታና ሄደ። ሯጩ ከኋላው እያየው ቆመ። ወንድሙ ምንም አላጠፋም፤ ስለዚህ ይቅር ሊለው እንኳ አልቻለም።