በዚያው ሳምንት

ቋ! ቋ! ቋ! መዶሻው ከዝናቡ ጋር እየተፎካከረ ይሰማል። ቦጂያ መስኮቱን ገፋ ሲያደርግ ነው ያየው፤ የቀበሌው በር ላይ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ቅስት እየተሠራ ነው። ነሐሴ 1976 ዓ.ም. ነው፣ ልደታ።

ቦጂያ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ፣ ሰው ሲያወራው እንኳ ሐሳቡ ጣራ ላይ የሚቀር ወጣት ነው። ጽሕፈቱ ስለሚያምር ብቻ የቀበሌውን ታሪክ እንዲጽፍ ታዘዘ። ሊቀመንበሩ ጓድ በከር ደብተሩን ሲሰጡት፣ "ሚዛናዊ አድርገህ ጻፍ" አሉት። "ሚዛናዊ ማለት ግን፣ ወዳጄ፣ ወደ አብዮቱ ደፋ ያለ ነው" ብለው ራሳቸው ሳቁ።

ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ደብተሩ ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። የቀረው አንድ ገጽ ነው፤ ጥር 1970። ያን ጊዜ በአንድ ሳምንት ውስጥ የአንድ ግቢ ልጆች የሆኑ ሁለት ወጣቶች ሞተዋል፤ የቀበሌው ጥበቃ ፍሰሐና ተማሪው ጃርሶ። የቀበሌው መዝገብ፣ ጃርሶ ማክሰኞ ዕለት ፍሰሐን ገደለ፣ ሐሙስ ተያዘ፣ እርምጃ ተወሰደበት ይላል። ይህ ወደ ታሪኩ ከገባ ጃርሶ እስከ ወዲያኛው ነፍሰ ገዳይ ነው። ጓድ በከር ሁለቱ እናቶች ገጹ ሥር አውራ ጣታቸውን እንዲያሳርፉ አስጠሩና፣ ራሳቸው ቅስቱን ሊያዩ ወጡ።

ድሮ ሊጥ ይበዳደሩ የነበሩት ሴቶች በአንድ አግዳሚ ላይ፣ በመሐላቸው ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተው ተቀመጡ።

"በዚያው ሳምንት ሁለት የቀበሌያችን ወጣቶች ሕይወታቸው አለፈ" ሲል አነበበላቸው ቦጂያ። ሁለት ቀን አስቦ ያወጣት ዓረፍተ ነገር ናት። ቀን የላትም፣ ገዳይ የላትም።

"አለቀ?" አሉ የፍሰሐ እናት ወይዘሮ ድንቅነሽ። "ልጄን ጉንፋን ነው የገደለው?"

"ለማንም እንዳላዳላ ብዬ ነው፣ እማማ።"

"ወግ ነው! ማክሰኞ ገደለው፣ ሐሙስ ተያዘ። አገር ያወቀውን ጻፍ።"

የጃርሶ እናት ወይዘሮ ሎሚ ዝናቡን እያዩ ነበር። "ልጄ የተወሰደው ሰኞ ነው" አሉ፣ የማያውቁትን ሰው ነገር እንደሚያወሩ ሁሉ። "የታሰረ ሰው ማክሰኞ አይተኩስም። አንተስ፣ አንድ ወንበር ላይ አልነበር የምትማሩት? ሰኞ አጠገብህ ነበር?"

"አልነበረም... ይመስለኛል።"

"ይመስለኛል?"

ቦጂያ ባዶውን ቦታ ዛሬም ያየዋል። ግን ያየው ሰኞ ነው? ወይስ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰኞ በሆነ እያለ ሲመኝ ራሱ የሠራው ነው? ሰኞ ብሎ ቢጽፍ ጃርሶን ስለሚወድ ነው። ቢተወው ጓድ በከርን ስለሚፈራ ነው። መሐል ላይ የሚቆምበት ቦታ ፈልጎ አጣ። ይህን ሲያውቅ ልቡ ደንገጥ እንኳ አላለም፤ እንደ ደነዘዘ እግር፣ የራሱ መሆኑን ያውቃል እንጂ አይሰማውም።

"ማን እንደወሰደው እሷን ጠይቃት" አሉ ሎሚ።

"ተይ፣ ሎሚ! ዓይንሽን በጨው አጥበሽ ነው የመጣሽው!"

"'እማማ ሎሚ፣ ለአንድ ጥያቄ ነው፣ ቶሎ ይመለሳል' ብሎ ጫማውን ያቀበለው ፍሰሐ ነው። ማክሰኞ የሞተ ሰው ሐሙስ በር ያንኳኳል?"

ወይዘሮ ድንቅነሽ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ቦጂያ ብዕሩን አነሳና ተወው፤ ሎሚም ቢሆኑ ለልጃቸው የሚያደሉ እናት ናቸው፣ ሌላ ምስክር ደግሞ የለም።

"እማማ ድንቅነሽ፣ የወሰደው ፍሰሐ ነበር?"

መልስ ሳይመጣ ጓድ በከር እየተጣደፉ ገቡ። "አላለቀም? መኪናው መጥቷል እኮ! በሉ፣ የሰማዕት እናት ይቅደሙ።"

ወይዘሮ ድንቅነሽ ተነሡ። አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫን አደረጉ። ወደ ገጹ ጎንበስ አሉ፤ ማንበብ ባይችሉም ብዙ ቆዩበት። ከዚያ ጣታቸውን ገጹ ላይ ሳያሳርፉ ቀለሙን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና፣ ማንንም ቀና ብለው ሳያዩ ዝናቡ ውስጥ ገብተው ሄዱ።