ከካያካታ ቁልቁል

ፉርባ የፊት ግራውን ጎማ መሃል በመዳፉ ነካና እጁን ቶሎ ሰበሰበ። ሦስቱን ቀድሞ ዳስሷቸዋል። ከማኔባንጃንግ ወደ ተራራው በሚወጣው መስመር የሚሠራ ሹፌር በቆመበት ሁሉ እንዲህ ነው፤ ሻይ ከማዘዙ በፊት መኪናውን ይዞርና ጎማዎቹን እንደ ታማሚ ልጅ ግንባር እየዳሰሰ ያልፋል። ሦስቱ ሞቅ ያሉ ነበሩ። ይኼኛው ግን ያቃጥላል።

እንደገና ነካው። ያው ነው።

እናቱ ሱክማያ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ ከእህቷ ጋር ስንብቱን አላቋረጠችም፤ ሦስት ጊዜ ተሳስመው ሦስት ጊዜ አዲስ ወሬ ጀምረዋል። ከበስተጀርባቸው የካሊፖክሪን ኩሬ ጉም ውጦታል።

«ምን ትደባብሳታለህ? ልታገባት ነው?» አለ አንድ ድምፅ።

ቡዲማን ነው። የፉርባ አባት ጓደኛ የነበረና ዕድሜውን ሙሉ በዚሁ መንገድ የነዳ ሰው ነው። የራሱ መኪና ከላይ መንገዱ ላይ ተበላሽቶ ቆሞ ስለነበር ወደ ታች የሚወስደው ይፈልጋል።

«ዳጁ፣ ግራው በጣም ይግላል» አለው ፉርባ። በዚያ አገር ታላቅ ወንድምን ዳጁ ነው የሚሉት፤ ሹፌር ሹፌርን በስሙ ብቻ አይጠራም።

«አዲስ የፍሬን ሸራ አይደል ያሰርከው?»

«አዲስ ነው።»

«እና አዲስ ሸራ እስኪላመድ አይግልም? አዲስ ጫማ እግር አይልጥም? ና፣ ንዳ። ጉሙ ሳይከድነን እንውረድ። ወይስ ለዚህች አሮጊት መኪና ጠበል እስኪመጣላት እንጠብቅ?»

ፉርባ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

ላንድሮቨሯን ከአባቱ ሲረከብ ወለሏ ተበልቶ፣ ተሳፋሪ እግሩ ሥር የሚሮጠውን ድንጋይ እያየ የሚጓዝባት ነበረች። አቁሞ ሙሉ በሙሉ ለመጠገን አቅም አልነበረውም፤ አንድ ወር ከቆመች የሚበላ የለም። ስለዚህ አባቱ የተወለትን ሕግ ያዘ፦ ማታ የምትፈታውን ጠዋት መግጠም ካልቻልክ አትፍታው። ሁለት ነገርም ባንድ ጊዜ አትክፈት። በዚህ ሕግ፣ ተጓዥ በሚጠፋበት ዝናብ በዝናብ እየጠበቀ፣ አንዱን ክረምት ወለሏን፣ አንዱን ባሌስትራዎቿን፣ አንዱን ካምቢዮዋን፣ አንዱን የእጅ ፍሬኗን አደሰ። በመሃሉ ተራዋ ደርሶ ያልወጣችበት ቀን የለም። እየታከመች ሠርታ የምትበላ በሽተኛ ነበረች።

የእግር ፍሬኑን ለመጨረሻ ያቆየው ፈርቶት ነው። ሌላው ዕቃ ሲበላሽ ያቆምሃል፤ ፍሬን ሲበላሽ ግን አያቆምህም። ዘንድሮ ግን ምንም የቀረ ሰበብ አልነበረውም። ሸራውንም፣ ዘይቱ እንዳይፈስ የሚይዙትን የላስቲክ ጎሚኒዎችም፣ ቱቦውንም ለብቻው ቀየረ፤ ማንንም አልጠራም። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፉ እንቅልፍ አልሆነም። ዐይኑን ሲጨፍን እግሩ ይረግጣል፤ የሚረግጠው ግን ባዶ ነው።

ሱክማያ መሃል ተቀመጠች፤ ቡዲማን በር ጋ።

እስከ ካያካታ ያለው መንገድ ደህና ነበር። ቡዲማን ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ሴት ልጁ ባል ስንፍና፣ እንደገና ስለ ጉልበቱ አወራ። ፉርባ አልሰማውም። መኪናዋ ጠዋት ዳገቱን ስትወጣ እንደ ልማዷ እንዳልነበረች አሁን ትዝ አለው፤ ከኋላ ሰው የያዛት ይመስል ከብዳው ነበር። ያን ጊዜ በሞተሩ አሳበበ።

ከካያካታ በኋላ መንገዱ አፍንጫውን ደፍቶ ወደ ጋይሪባስ መንደር ይወርዳል። በግራ ድንጋያማው ግድግዳ፣ በቀኝ ቀርከሃው፣ ከቀርከሃው ወዲያ ደግሞ ጉሙ ብቻ። ፉርባ በሁለተኛ ማርሽ ገባበት። የመጀመሪያውን ኩርባ ሲይዝ ፍሬኑን ረገጠ፤ እንደ ድንጋይ ደረቀበት። ሁለተኛው ኩርባ ላይ አንዳች የተቃጠለ ነገር ሸተተው። ከሁለተኛው ኩርባ እንደወጣ እንደገና ሲረግጥ እግሩ ወለሉን ነካ።

አነሳና ረገጠ። ወለል። አነሳና ረገጠ። ወለል።

እንቅልፉ ውስጥ የሚያውቀው ባዶ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ማንም ገና አለማወቁ ነበር፤ ቡዲማን ስለ አማቹ ያወራል፣ እናቱ የእህቷን ድንች ጭኗ ላይ አቅፋ መንገዱን ታያለች፣ መኪናዋም በገዛ ክብደቷ ቀስ እያለች ትፈጥናለች።

«ዳጁ» አለ። «ፍሬን የለኝም።»

ቡዲማን ወደ ፉርባ እግር አየ።

«አትቀልድ።»

«የለኝም።»

ሞተሩ ብቻውን ይዟታል፤ በሁለተኛ ማርሽ ግን ይህን ቁልቁለት አይችለውም፤ ጩኸቱ እየጨመረ ነው። አንደኛ ያስፈልጋል። አንደኛ ለማስገባት ደግሞ ከሁለተኛ መውጣት አለበት፤ ከሁለተኛ ወጥቶ አንደኛ እስኪገባ ባለችው ቅጽበት መኪናዋን ምንም አይዛትም። የአሮጌ ላንድሮቨር ማርሽ ደግሞ ሲሄዱ በቀላሉ አይገባም። እንቢ ካለው ያበቃል።

ከፊታቸው ቀጥ ያለ መንገድ አለ። ከዚያ በኋላ ኩርባ።

«አማ፣ ድንቹን ጣይው። ያንን ዘንግ ያዢ። ይኼ፣ ከጉልበትሽ አጠገብ ያለው።»

«ይኼን?»

«እሱን። ሳቢ ስልሽ ሳቢ። እንዳትመነጭቂው! ያመጸች ላም በገመድ እንደምትይዢው።»

ሹፌር በሚሄድ መኪና ላይ የእጅ ፍሬን አይስብም፤ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረውን ብረት ይሰብራል ይባላል። ሱክማያ ይህን አታውቅም፤ ስላላወቀችም በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘች።

«እኔስ?» አለ ቡዲማን፤ ሳይጠይቅም ያውቃል። በዚህ መስመር ልማድ ረዳት ከሌለ በር ጋ የተቀመጠው ሰው ረዳት ነው፤ ሽማግሌም ይሁን መነኩሴ። ከወንበሩ ሥር ያለው፣ ጎማ የሚታገድበት የእንጨት ታኮም የሱ ነው።

«ዳጁ፣ ታኮ።»

«ጉልበቴ እኮ…»

«አውቃለሁ።»

«አባትህን እንደማልወደው ነግሬህ አውቃለሁ?» አለና ቡዲማን ታኮውን አንስቶ በሩን በትከሻው ገፍቶ ወረደ።

«አማ፣ ሳቢ!»

ሳበች። ከመኪናዋ ሆድ ውስጥ የሚያጓራ ድምፅ ወጣ፤ መላ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ፤ ትንሽ ዘገየች። ፉርባ ማርሹን አወጣ። ነዳጅ ረገጠ፣ ፍሪሲዮን ረገጠ፣ ገፋ። ማርሹ ጥርሱን አፋጭቶ መለሰበት። ገፋ። አሁንም መለሰበት። ቡዲማን ቁልቁል እያነከሰና እየተራገመ አጠገባቸው ሲሮጥ በዐይኑ ጠርዝ አየው።

«ካንቻ!» አለች እናቱ። የመጨረሻ ልጇ ነውና በልጅነቱም በዚሁ ነው የምትጠራው።

በሦስተኛው ሙከራ አንደኛ ማርሽ ገባ። መኪናዋ እንደ ተያዘ በሬ አንገቷን ደፍታ እናትና ልጁን ወደፊት ወረወረችና ቀስ ማለት ጀመረች። ፉርባ መሪውን ወደ ግድግዳው ሰበረ፤ ቡዲማን ጎንበስ ብሎ ታኮውን ከፊት ጎማው ሥር ወረወረ። አንዴ ዘለለችው። ሮጦ ደርሶ እንደገና ወረወረ። ቆመች። ሞተሩ ጠፋ።

ከግራው ጎማ ጢስ ይወጣል። ሱክማያ ዘንጉን አልለቀቀችም፤ ፉርባ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቃቸው።

ቡዲማን መሬት ላይ ተዘርግቶ ሰማዩን ያያል። «ሞቻለሁ?» አለ።

«አልሞትክም» አለችው ሱክማያ።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ባውጁ። ድንች ታቅፋ የመጣች ሴት ናት ወደ ገነት የምታስገባኝ?» የወንድሙ ሚስት ያህል ነበረችና እሷን ሳይተርባት ውሎ አያውቅም።

ፉርባ የወለሉን ሳንቃ አንስቶ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን በጨርቅ ይዞ ከፈተ። ጣቱን ነከረና አሸተተ። ሌላ ነገር እየጠበቀ ነበር፤ የራሱን ስህተት። የሸተተው ግን ወጥ ቤት ነው። የሰናፍጭ ዘይት።

ቀና ብሎ እናቱን አየ። እሷም መሬት መሬት አየች።

«አማ?»

«በሰሞኑ የቪሽዋካርማ በዓል» አለች። የመሣሪያ አምላክ በሚከበርበት በዚያ ቀን አገሩ ሁሉ መኪናውን አጥቦ፣ አበባ አስሮ፣ ለየዕቃው ቀይ ምልክት ያደርጋል። «ሞተሯን ቀባኋት፣ መሪዋን ቀባኋት። አንተ አበባ ልታመጣ ሄደህ ነበር። ይቺ ማጠራቀሚያ ግን ከወለል ሥር ተደብቃ ሳትቀባ ቀረች። የጸሎቱ መብራት ዘይት በእጄ ነበር… ትንሽ አጠጣኋት።»

«ምን ያህል?»

«አንድ ማንኪያ።» ጣቶቿን ቆጠረችና፣ «ሁለት» አለች።

የሰናፍጭ ዘይት ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። ያበጠ ጎሚኒ ፍሬኑን ይዞ አይለቅም፤ ቀኑን ሙሉ ሳይረገጥ ሲፋጭ የዋለ ፍሬንም ነድዶ ዘይቱን ያፈላና በሚያስፈልግበት ጊዜ ይከዳል። ፉርባ ይህን ሁሉ አወቀ፤ ሊጮህባት አፉን ከፈተ።

«በእንቅልፍህ እኮ ትጮሃለህ» አለች ቀድማ። «ፍሬን፣ ፍሬን ትላለህ። እግርህ ብርድ ልብሱን ይረግጣል። እኔ ግድግዳው ወዲያ ተኝቼ እሰማሃለሁ። ስለፈራሁ ነው፣ ካንቻ።»

አፉን ዘጋ። ጨርቁን ደጋግሞ አጠፈው።

«ለእኔም ጉልበት አንድ ማንኪያ ብታፈሺበት» አለ ቡዲማን ከመሬት።

ጎማው እስኪበርድ ጠበቁ። ጉሙ ወረደ። እዚያ ማደር አይቻልም፤ ጋይሪባስ ሩቅ አይደለም፣ ግን ሁሉም ቁልቁለት ነው። ፉርባ በየጎማው ያለውን የዘይት ማስተንፈሻ ላላ አድርጎ የተያዘውን ፍሬን አስለቀቀ። ከዚህ በኋላ ያላት አንደኛ ማርሽና ያ ዘንግ ብቻ ነው።

«አማ፣ አንቺ በእግርሽ ውረጂ።»

«ዘንጉን ማን ይይዛል?»

«ዳጁ ይይዘዋል።»

«ዳጁ ታኮ ይዟል» አለችና ገብታ መሃል ላይ ተቀመጠች።

ሊከራከራት ፈለገ። እሷ ባትኖር ይሻል ነበር፤ ብቻውን ቢሆን ግን ሞተሩን ለማስነሳት እንኳ የሚደፍር አልመሰለውም። ይህን ለራሱም ለመንገር አፈረ።

ወረዱ። ሰው ከሚራመደው ባልፈጠነ ፍጥነት፣ በየኩርባው ዘንጉ እየተሳበ፣ ቡዲማን ታኮውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ከፊት ጎማው ጎን እያነከሰ። ፉርባ በመንገዱ ሁሉ አንድም ጊዜ አልተረጋጋም። ቀኝ እግሩ ሥራ በሌለው ፍሬን ላይ ራሱን ችሎ ይረግጥ ነበር፤ ሊከለክለው ሞከረ፣ አልቻለም። የጋይሪባስ ጣሪያዎች ከጉሙ ሲወጡ እንኳ ደስ አላለውም፤ ከጣሪያዎቹ በፊት አንድ ኩርባ ነበረ። እሱንም አለፉት።

ቤቶቹ መሃል ሜዳው ላይ ሲቆሙ ቡዲማን አራቱንም ጎማዎች በድንጋይ አስደገፈ፤ ሁለቱ ይበቁ ነበር። ከዚያ ወደ ሻይ ቤት ገባ።

ፉርባ የግራውን ጎማ ፈታ። ብርሃኑ ሳይሄድ አንዷን ብቻ ለማየት ነው። ሸራዎቹን አላቅቆ ጎሚኒዋን ከቤቷ በጣቱ አወጣት፤ አብጣ እንደ እንጉዳይ ለስልሳለች። እናቱ ከትከሻው ላይ ጎንበስ ብላ አየቻት።

«እንዲህ አደረግኳት?» አለች በቀስታ።

«እንዲህ አደረግሻት።»

«ሌላ አለህ?»

«ነገ በሚወጣው መኪና ከማኔባንጃንግ ያመጡልኛል።»

«ነገ እንግዲህ መኪናዋ ዝም ብላ ትቁም።»

በስንት ክረምት ሳትሠራ የምትውልበት የመጀመሪያ ቀኗ ነው። የጎሚኒዋን ቤት በጨርቅ ጠራረገ፣ አቧራ እንዳይገባ በንጹሕ ወረቀት ሸፈነ፣ ጎማውን መልሶ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀ። ያበጠችዋን ጎሚኒ ግን አልጣላትም፤ ጠርጎ ሜዳው ዳር ባለው የድንጋይ አጥር ላይ አኖራት።