«አቤት» ያለው ማን ነው?

፩

— ትርንጎ!

— አቤት!

ቲንግ!

ሦስተኛው ድምፅ የሳጥኑ ነው።

፪

ሳጥኑ የስኳር ጣሳ ያክላል። የሚያወራ ዕቃ ነው፤ በስሙ ሲጠሩት ይነቃል፣ የጠየቁትን ይመልሳል። ፋብሪካው ያወጣለት ስም «አቢት» ነው። እንግዲህ ሚስቴን ጠርቻት «አቤት» ባለች ቁጥር እሱ ስሙን የጠራችው ይመስለዋል፤ እሷም ትሰማለች፣ እሱም ይሰማል። «በአንድ ጥሪ ሁለት ሚስት!» እያልኩ ሰፈሩን አሳቅሁበት።

፫

ሞክረው፣ አንባቢ። ሚስትህን ጥራት። «አቤት» ስትል ዝም በል።

አሁን ቤት ውስጥ ያለውን ጆሮ ቁጠር።

፬

ማክሰኞ ቀትር ላይ። ትርንጎ አልጋው ጫፍ ላይ ኩርምት ብላለች። ጠራኋት። «አቤት» አለች። ሳጥኑ ቲንግ አለ።

«ምነው?»

«ሦስተኛውም ፅንስ ወረደብኝ። ለማንም እንዳትናገር።»

«ሞቼ ነው የምናገረው!»

፭

እሑድ የዕድሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ።

«እግዜር ይካስሽ፣ ልጄ» አሉ እትዬ ብዙነሽ።

ትርንጎ እሳቸውን አላየችም። እኔን ነው ያየችው።

፮

እሷ፦ ለማን ነገርክ?

እኔ፦ እኔ አይደለሁም፤ ሳጥኑ ነው።

እሷ፦ ከጅብ ጋር ካርታ ተጫውቼ ረታሁት ስትለኝም ፊትህ እንዲሁ ነበር።

(ጅቡን ዋሽቻለሁ። ካርታም አልችልም። ይኼኛው ግን እውነት ነው።)

፯

የእትዬ ብዙነሽ ልጅ ሰብለ እንጀራዋ ይኼ ነው፤ ሳጥኑ አማርኛ እንዲለምድ፣ ከየቤቱ የቀዳውን እየሰማች ትጽፋለች። ሄጄ አፋጠጥኳት።

«የምሰማው ቅጂ ስም የለበትም እኮ፣ ጋሼ። ግን የእትዬ ትርንጎን ድምፅ ማን ያጣዋል? አልቅሼ አልቅሼ ለእማዬ ብቻ ነው የነገርኳት።»

«በይ ነይና ይኼንኑ ለሷ ንገሪያት! ትዳሬን!»

«አልችልም። የሰማሁትን በምስጢር ልጠብቅ ለፋብሪካው ፈርሜያለሁ።»

ፈርማለች።

፰

ሳጥኑን ሽንት ቤት ከተትኩት። ሬዲዮ ጠጋኙ ይርዳው ሌላ ሠራልኝ፤ ኮዱ ክፍት የሆነ፣ ያወቀ ሁሉ ገብቶ ውስጡን የሚያነበው። ኢንተርኔት የሚባል አያውቅም፤ የሰማው እዚያው ቤት ይቀራል። ሳጥን እንዴት እንደሚሰማ በዓይኗ አይታ ታምነኛለች ብዬ ነው።

«የተዘጋው ለፈለፈ» አለች ትርንጎ፤ «ክፍቱ ምስጢር ሊጠብቅልኝ ነው?»

ከዚያ ወዲህ ደጅ ከሰው ጋር ታወራለች። ደፏን ስትረግጥ ግን

ዝም።

አሥራ ዘጠኝ ቀን።

፱

ዛሬ ጠዋት ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ስትከት፣ ሌላ መላ ስላጣሁ አዲሱን ሳጥን አበራሁት። የፈቃድ ቅጹን ጮክ ብሎ አነበበ፦

አባወራ፦ ፈቅደዋል።

እማወራ፦ ............

«እማወራ፣ ድምፅዎን ልቅዳ? ይፈቅዳሉ? በቃልዎ ይመልሱልኝ።»

ያኛው የፋብሪካው ሳጥን አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብሎን አያውቅም።

ትርንጎ የሻንጣውን ዚፕ ግማሽ ላይ ተወችው። ወደ ሳጥኑ ጎንበስ አለች። ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነው።

ከንፈሯ ተላቀቀ፤ ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ ቤት ውስጥ ቃል ልታወጣ ነው።

፲

እሷ፦