የቪየናው ሳምንት

ይታገሱ ከገበያ ስትመለስ በሙሀመድአወል ልብስ ስፌት ቤት በር ላይ ማረፍ ልማዷ ነው። በርበሬ ስትሸጥ ቁጭ ብላ ብታረፍድም፣ ለመነሳት ሲሆን ጉልበቷ አይታዘዝላትም። ሰፊው ሳትጠይቀው ወንበር ያወጣላታል። ያን ጠዋት ግን ከወንበሩ ጋር ነገርም አወጣ።

«ቡታጅራን ለማቋረጥ በየበሩ የምታርፊ ሴትዮ፣ አውሮፓን በእግርሽ ልትጨርሺው ነው አሉ» አላት፣ መቀሱን ሳያስቀምጥ።

ይታገሱ ሳቀች። ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም። የተባለው ልክ ነበር። ልጇ ፍቅርአዲስ ቪየና በሚባል ከተማ፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ተቀጥራ መሥራት ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። ዘንድሮ እንደምንም ብላ የእናቷን ቪዛ አስጨረሰች፣ ከሥራዋም የአንድ ሳምንት ፈቃድ አገኘች። ከዚያም ሳምንቱ እንዴት እንደሚያልፍ ጽፋ በስልክ ላከች።

ይታገሱ የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ብዙም ስላልቆየች፣ ዕቅዱን ያነበበችው በጣቷ እየተከተለች ነው። ሰኞ የድሮ ነገሥታት ግቢ። ማክሰኞ ጠዋት ሙዚየም፣ ከሰዓት ሌላ ሙዚየም። ረቡዕ በወንዙ ላይ ጀልባ። ሐሙስ በባቡር ወደ ሌላ ከተማ፣ ደርሶ መልስ። አንዱን ቀን አንብባ ስትጨርስ ደርሳ የመጣች ያህል ይደክማታል። ዓርብ ላይ ስትደርስ ስልኩን በፊቱ ደፍታ አስቀመጠችው።

ባሏ ዱባለ ጉልበትሽን ንገሪያት ይላታል። ለእሱ ቀላል ነው። ይታገሱ ያደገችው መስቃን ገጠር ነው። እዚያ እንግዳ የሆነች ሴት ቆጮው ቢበዛባት ቀስ እያለች ትቆርሳለች እንጂ ሳህኑን ከፊቷ አትገፋም። ደግሞስ ጉልበቷን ብትናገር፣ ልጅቷ ደንግጣ «በቃ ይቅርብሽ» ብትላትስ? ይህን ያህል ዓመት ፊቷን ያየችው በስልክ ብቻ ነው። ስለዚህ ፍቅርአዲስ ምን ማየት እንደምትፈልግ፣ መራመድስ ትችል እንደሆነ በጠየቀቻት ቁጥር መልሷ አንድ ነበር። አንቺ ያልሽው ይሁን፣ እኔ ምን እሆናለሁ። እሷ እንዲህ ባለች ቁጥር ደግሞ ልጅቷ አንድ ቦታ ትጨምራለች።

የሙሀመድአወል ቀልድ እስከ ቤት ተከተላት። በዓይነ ሕሊናዋ የማታውቀው ከተማ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ልጇ ደግሞ ከፊት ከፊት እየሄደች ሰዓቷን ስታይ ታያት። ሳምንቱ እንደዚያ ሆኖ ካለቀ፣ ፊቷን ሳይሆን ጀርባዋን አይታ መመለሷ ነው።

ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች ስልኩ ጮኸ። ፍቅርአዲስ ነበረች፣ ከሌሊት ሥራ መግባቷ ነው። ለቅዳሜም ቦታ አገኘሁ አለች። ይታገሱ ዛሬስ እናገራለሁ ብላ አፏን ከፈተች፣ አልሆነላትም። ነገሩን በጎን መጣችበት።

«ከእነዚህ ሁሉ ለአንቺ የቱ ደስ ይልሻል?»

ልጅቷ የቅዳሜውን ትታ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እኔም አላየኋቸውም፣ እማዬ።»

ከዚያ ቀስ እያለች አወራች። ከሥራ ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ሥራ ነው። ዕረፍት ስትወጣ ልብሷን ታጥባለች፣ ትተኛለች። ቦታዎቹን የለቀመችው አገር ጎብኚዎች ኢንተርኔት ላይ ከሚጽፉት ነው።

«ቡታጅራ ተመልሰሽ ምን አየሽ ሲሉሽ፣ የምትመልሺው እንዳታጪ ብዬ ነው» አለቻት።

ፍቅርአዲስ ወደ ቅዳሜው ተመለሰች። አንድ ትልቅ የአበባ ቦታ አለ፣ ከጣቢያው ትንሽ ያስኬዳል፣ ከዚያ ሽቅብ ነው፣ ከላይ ሲታይ ግን ከተማው… እያለች ድምጿ እየሳሳ ሄደ። ቆመ። ይታገሱ ሁለቴ ጠራቻት። የመለሰላት ትንፋሽ ብቻ ነበር፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ የምታፏጭ ትንፋሽ። ያችን ፉጨት ታውቃታለች። በርበሬ ሲለቀም ልጅቷን ጆንያ ላይ አስተኝታ ስትሠራ፣ ከማሳው መሃል ሆና ጆሮዋን የምትጥለው ወደዚያች ፉጨት ነበር።

አልዘጋችውም። ዱባለ ከውጭ ገብቶ ማን ነው ሲላት በእጇ ዝም አሰኘችው።

ቆይታ ቆይታ ዘጋችና መልእክት የሚጻፍበትን ከፈተች። ሌላ ጊዜ ድምጿን ቀድታ ነው የምትልከው። አሁን ግን ልጅቷ ስትነቃ ቀስ ብላ የምታነበው ነገር እንዲሆን ፈለገች። ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለገች ጻፈች።

«ልጄ። ጉልበቴ ያመኛል። ደብቄሽ ነው። ሰኞ እንተኛለን። ማክሰኞ ፀጉርሽን ቅቤ እቀባሻለሁ። በሌላው ቀን እዚያ አገር በርበሬ የሚሸጡበት ገበያ ካለ ቀስ ብለን እንሂድ። መንገዱ መቀመጫ ይኑረው። የምትኖሪበትን ቤትና ጎረቤቶችሽን አሳዪኝ። ሲጠይቁኝ እሱን እመልሳለሁ።»

ከላከችው በኋላ፣ ያቀረቡላትን ሳህን የገፋች መሰላት። ምሳም አልበላ አላት። ዱባለ ጨርሶ ሲነሳ እሷ ገና ስልኩን እያየች ነበር።

መልሱ ከሰዓት በኋላ መጣ። በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

«ባቡሩን ሰርዤዋለሁ። ሙዚየሞቹንም። አበባውንም። አሁን ተመልሼ ልተኛ ነው። ጀልባው ግን ተቀምጠው ነው የሚሄዱበት፣ እማዬ።»

ይታገሱ ደግማ አነበበችው። ተቀምጦ መሄድ። ጎን ለጎን ከሆነ ፊቷን ታያለች። ብዙ አሰበችበትና «ጀልባው ይሁን» ብላ ጻፈች። ከዚያ ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ ማለት ጀመረችና ተወችው። ትንሽ ቆይታ ታወልቀዋለች።