ለሩሲያ መስጠም

እኛ ኮፐንሃገን ውስጥ ፊልም ስንሠራ መጨረሻውን ሁለት ጊዜ እንሠራዋለን። አንዱ ለእኛና ለጀርመኖች ነው፤ ልጅቷ ትድናለች፣ ትዳር ትይዛለች። ሌላው ለሩሲያ ነው፤ ልጅቷ ትሞታለች። ሩሲያዊ ሳያለቅስ ከሲኒማ ቤት ከወጣ ሳምንቱን ሙሉ ሆዱን ያመዋል ይባላል። እኔ ሲቨርት፣ የወደቡ ጀልባ ቀዛፊ፣ ክንዴ ወፍራም ስለሆነ ብቻ አፍቃሪ ተደረግሁ። ለጀርመን ደርሼ አወጣታለሁ፤ ለሩሲያ እዘገያለሁ።

ያን ቀን ተራው የሩሲያ ነበር። ኅዳር ነው፤ ባሕሩ ከመቀዝቀዙ የተነሣ ዓሦቹ ሙቀት ፍለጋ በገዛ ፈቃዳቸው መጥበሻ ውስጥ ይዘሉ ነበር። ልጅቷን ሆና የምትተውነው ቶራ ዋና አታውቅም። ውሃው ውስጥ ከምሰሶ ጋር የታሰረ ሳንቃ አለ፤ እሱ ላይ ቆማ የምትሰጥም ትመስላለች።

ፊልሙ ድምፅ ስለሌለው የምንባባለውን ተመልካች አይሰማም። ስለዚህ ቶራ በፍቅር ዓይን እያየችኝ ስትሰድበኝ ነው የከረመችው። ደረቴ ላይ ተደፍታ እያነባች፣ «አንተ የዓሣ በርሜል፣ ወደዚያ ተንፍስ!» ትለኛለች። እኔም እጇን እየሳምኩ፣ «እሺ፣ አንቺ ፍየል» እላታለሁ።

ገባች። የካሜራው እጀታ መዞር ጀመረ። አዘጋጁ ክላውሰን ግንቡ ላይ ቆሞ ይጮኻል፦

«ቀስ በል ሲቨርት! እንዳትደርስ!»

ቶራ ተወራጨች። ጠለቀች፤ ብቅ አለች።

«ኧረ እንዴት ያለች ተዋናይ ናት!» ክላውሰን አጨበጨበ።

እኔ ስድቤን እጠብቃለሁ። ከንፈሯ ጠቁሯል።

«ሲቨርት» አለች፣ «እባክህ።»

እባክህ? ቶራ ንጉሡንም እባክዎ አትልም! ብሄድና ትወና ቢሆን ሥራዬን አጣሁ፤ ብቀርና እውነት ቢሆንስ? በዚህ መሃል ሳንቃው በጀልባዬ ጎን ተንሳፎ አለፈ።

ቀዘፍኩ።

«ተመለስ! ጀርመን አደረግከው እኮ!» ይላል ክላውሰን።

ፀጉሯን ያዝኩ፤ ዊጉ ብቻውን እጄ ላይ ቀረ። እሷ የለችም። ክንዴን እስከ ትከሻዬ ነከርኩ፤ ጨርቅ ነካሁ፤ ጎትቼ ጀልባዬ ላይ አወጣኋት።

ክላውሰን ግን የሩሲያው መጨረሻ ዛሬውኑ እንዲያልቅ ፈለገ።

«ደግማ ትግባ።»

«እሱ ይግባ!» አለች ቶራ፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ። «ካሜራው እንደሆነ ሩቅ ነው፤ ፊት አይለይም።»

ቀሚሷን አለበሱኝ፤ እሷ ኮቴንና ባርኔጣዬን አድርጋ መቅዘፊያውን ይዛ ጀልባው ላይ ተቀመጠች። ሌላ ሳንቃ አስረው ከተቱኝ። ገና ሁለቴ ሳልወራጭ ሳንቃው ከእግሬ ሥር ሸሸ። እኔ ዋና እችላለሁ፤ ቀሚሱ ግን አይችልም።

«ቶራ! ሳንቃው ሄደ! እየሰጠምኩ ነው!»

«አንተ ውሸታም፣ ትናንት ዓሣ ነባሪ ጀልባዬን ሳመው ስትል አልነበርክም?»

«እሱ ውሸት ነው! ይሄ እውነት ነው!»

ዓይኔን አተኩራ አየች። እዚህ ቆሜ ስለማወራችሁ መትረፌን እናንተ ታውቃላችሁ፤ እኔ ግን ያን ሰዓት አላውቅም ነበር። ውሃ ጠጣሁ። እንደገና ጠጣሁ። ከዚያ የመቅዘፊያው ጫፍ አናቴን መታኝ፤ አቀፍኩት።

ክላውሰን ባርኔጣውን አውልቆ ባሕር ውስጥ ወረወረ።

«ይህ ፊልም ሰው አልገድልም አለ!»