ከሁሉ ያነሰ ናፍጣ

ናይሮቢ አውሮፕላን ማረፊያ ለቆመ አውሮፕላን መብራት የምሰካው እኔ ነበርኩ። ጄኔሬተር የተጫነበትን መኪና አስጠግቼ ገመዱን ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር እሰካለሁ፤ አብራሪው የራሱን ሞተር ያጠፋል። እንዲህ ያሉ ስድስት ማሽኖች ነበሩን፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሠራተኛ።

በፈረንጆቹ 2008 አለቃችን ኩለሱም ሰበሰበችን። የማረፊያው ጭስ መቀነስ አለበት፣ ስለዚህ ለአንድ ወር እያንዳንዱ ማሽን የሚፈጀው ናፍጣ ይመዘገባል አለች። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅንም። እኔ ግን አብልጦ የቆጠበ ይሸለማል ብዬ ደመደምኩ። ማንም ያላለውን!

ሽልማቱን የፈለግሁት ለፈቃዴ ነው። የሥራ ፈቃዴ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ያልቃል፤ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ካልጻፈልኝ አይታደስም፤ ካልታደሰ እኔና ልጄ ሳምራዊት ከኬንያ እንወጣለን። ሳምራዊት እዚሁ ተወልዳ ፎርም ፎር፣ የሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ ክፍል ደርሳለች። የማጠቃለያ ፈተናዋ ጥቅምት ላይ ነው።

ሌሎቹ ማሽናቸውን ጠዋት አስነስተው ማታ ነው የሚያጠፉት። እኔ በደርግ ጊዜ የመንግሥት ሾፌር ነበርኩ። ቤንዚን በኩፖን ሲታደል ቁልቁለቱን ሞተር አጥፍተን እንወርድ ነበር። ሥራ የፈታ ሞተር ሲጮህ እስከ ዛሬ ሆዴን ይቆርጠኛል። ያን ወር ደግሞ ባሰብኝ፤ ገመዱን እንደነቀልኩ ጸጥ አደርገዋለሁ።

ወሩ ሲያልቅ ኩለሱም ቢሮዋ ጠራችኝ። ሸሚዜን ሱሪዬ ውስጥ ከትቼ ገባሁ። ወረቀቱን አዞረችልኝ፤ የኔ ማሽን የፈጀው የሌሎቹን ሲሶ ነው። ፈገግ አልኩ፣ የኔ ነገር።

“ምዜ ወንዳፍራሽ፣ ሁለት ማሽን እንድንቀንስ ታዘናል” አለች፤ ምዜ በስዋሂሊ አዛውንት ማለት ነው። “ብዙም የማይፈለጉት ተመርጠዋል። አንዱ የርስዎ ነው።”

“ይፈለጋል እኮ። እኔ ነኝ የማጠፋው።”

“ገብቶኛል። ግን ሪፖርቱ ወደ ላይ ሄዷል። ደግሞ ጠፍቶም ሥራው አልተጓደለም።”

ክፉ ሴት አይደለችም፤ ውሃ ቀድታ ሰጠችኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኔ ነኝ። መናደድ ነበረብኝ፤ ምንም አልተሰማኝም። ወጥቼ ሳይ ቀኑን ሙሉ ሲያጓሩ የሚውሉት አራቱ ማሽኖች ያጓራሉ። እሱም ምንም አልመሰለኝ። ማታቱ፣ የከተማውን ሚኒባስ፣ ይዤ ካሳራኒ ቤቴ ገባሁ።

ሳምራዊት ጠረጴዛው ላይ ታጠናለች። “አባዬ፣ ሰርተፊኬት ሰጡህ?”

“ማሽኔን ቀነሱት። እኔንም።” የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኳት።

“ዛት ኢዝ ኖት ፌር! ጭሱን የቀነስከው አንተ ነህ እኮ። ሂድና ንገራቸው፣ ታፋዳሊ፣ እባክህ።”

“ነግሬያቸዋለሁ።”

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። “ኤግዛሜስ?”

“አዲስ አበባ ትማሪያለሽ” አልኳት። ድምፄ የማስታወቂያ ነጋሪ ድምፅ ነበር። “እዚያም ትምህርት ቤት አለ።”

ደብተሯን ከደነች። ከዚያ አፍራ፣ ጥፋቱ የሷ ይመስል፣ “እኔ አማርኛ ማንበብ አልችልም እኮ፣ አባዬ” አለች።

አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ነገ ፊደል አስቆጥራታለሁ ስል ነበር። ያኔ አመመኝ።